በጉበኑ ላይ የተገኘ አቧራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ኃጢአቱ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ስሙን ስለማላውቀው ነው። ለመሆኑ በድሬዳዋ ከተማ «አቧራ አለብህ» ብሎ ሰው መክሰስ ምን ይባላል? እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አቧራ ጉድለት ሳይሆን ነዋሪ ነው። ጠዋት ጠርገን ብናስወጣው ለምሳ ይመለሳል። እኔ ግን ከስሼበታለሁ፤ ያውም በማኅተም።

ሥራዬ ምግብ ቤቶችን እየዞርኩ ንጽሕናቸውን መቆጣጠር ነው። ዓይን አፋር ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ምን አስገባሽ አትበሉኝ፤ ቅጹ ስለሚናገርልኝ ነው። አንድ ቀን ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ወደሆነች አንዲት ጠባብ የፉልና የሳምቡሳ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሙክታር ስምንት ዓመት በመርከብ ወጥ ቤት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ባሕር በሌለበት ከተማ መርከብ ከፍቶ ጠበቀኝ። የሥጋ መክተፊያው ቀይ፣ የአትክልቱ አረንጓዴ፤ የማቀዝቀዣው ሙቀት ጠዋትና ማታ በደብተር ይመዘገባል፤ የውኃው በርሜል የታጠበበት ቀን ሳይቀር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ባሕር መሃል አንድ ሰው ሆዱን ከታመመ መርከቡ ሁሉ እንደሚታመም፣ የሚሮጡበት ክሊኒክም እንደሌለ አጫወተኝ። ካፒቴኑ በየሳምንቱ ነጭ ጓንት አጥልቆ የበሩን ጉበን ከላይ በጣቱ ይዳስሳል አሉ፤ ጓንቱ ከጠቆረ ወዮላቸው።

«በስምንት ዓመት አንድ ቀን አልጠቆረብኝም» አለ፤ ሳይኩራራ፣ ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራ።

ሲያወራ ስሰማው ብውል አይሰለቸኝም ነበር። ቅጹ ላይ የምጽፈው ግን አጣሁ። ንጹሕ ቤት ደግሞ የሚጎበኘው በዓመት አንዴ ነው። በዓመት! ተንጠራርቼ ጉበኑን ዳሰስኩት፤ ጣቴ እንደነበረው ወጣ። ጻፍኩ፦ «በጉበኑ ላይ አቧራ ተገኝቷል። በሳምንቱ ዳግም ጉብኝት ያስፈልጋል።»

አነበበው። ከዚያ ጣቴን አየ። ጣቴን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት። ፉል ቅመሺ ቢለኝ፣ ተቆጣጣሪ ከሚቆጣጠረው ቤት አይበላም ብዬ ሽታውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ጉበኑ ላይ የእውነት አቧራ አገኘሁ። ውሸቴ እውነት ሆነልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ የሰው ጉድለት አይቶ የሚያመሰግን ተቆጣጣሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? ያንኑ ደግሜ ጻፍኩ።

«አቦ፣ በሳምንቱም ትመጫለሽ ማለት ነዋ?» አለ።

«ደንቡ ነው» አልኩት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ኅሊናዬ ወቀሰኝ፤ ወይም አፈርኩ፤ ሁለቱን መለየት ሁልጊዜም ይቸግረኛል። የሥራ ባልደረባዬ እትዬ አስቴር በእኔ ፈንታ እንድትሄድልኝ ለመንኳት። በሥራ መውጫ ሰዓት እየሳቀች ተመለሰች።

«ያ መርከበኛሽ ጤነኛ ነው? ቤቱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ጉበኑ ላይ ብቻ አቧራ በእጁ በትኖበታል፤ የጣቶቹ አሻራ ሳይቀር ይታያል። ‹ያቺ ሌላዋስ?› ቢለኝ፣ ከእንግዲህ አትመጣም፣ የምመጣው እኔ ነኝ አልኩት። ለካ መርከብ ጠርቶት ኖሯል። እሄዳለሁ አልሄድም ሲል ሰንብቶ፣ አሁን ነገ ጠዋት ጅቡቲ ልወርድ ነው አለኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኔ ግን እውነቱም የመሄጃው ንጋትም ባንድ ላይ መጡብኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሲነጋጋ፣ ሳቢያን ደረስኩ። ሙክታር ሻንጣውን ሚኒባስ ላይ ሲጭን አየሁት። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠ፤ መንገዱን ግራና ቀኝ ተመለከተ። እኔ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ነበርኩ። የምለውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼው ነበር፤ ያለ ቅጽ መናገር ግን አልለመድኩም።

ሚኒባሱ ከተጠመዘዘ በኋላ ተሻገርኩ። ነጭ መሐረቤን አውጥቼ ጉበኑን ጠረግሁት። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ወጣ። አጽድቶት ነው የሄደው።

እዚያው ቆሜ ቅጽ ሞላሁ፦ «ምንም ጉድለት አልተገኘም። ዳግም ጉብኝት ያስፈልጋል።» በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገፋሁትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።