ያልተሸኘ አልሄደም

ክብርት ከተማችንን ከዓለም ከተሞች ሁሉ የሚለያትን አንድ ታላቅ ነገር በቅድሚያ ማሳወቅ ኃላፊነቴ ነው። ከእሷ ማንም ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምለው የተወለድኩባት ስለሆነች አይደለም፤ በመረጃ አስደግፌ ነው። በአስተዳደሩ ቢሮ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የነዋሪውን ብዛት በቀይ ቀለም ያሳያል፤ ቁጥሩም ወደ ታች ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከሥሩ መፈክራችን አለ፤ «ያልተሸኘ አልሄደም!» ይላል። ሌሎች ከተሞች ሕዝባችን ፈለሰ፣ ወጣቱ አለቀብን እያሉ ደረት ሲደቁ እኛ በሙሉ ቁጥራችን አለን። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ትንሽ ጭር ይላል። የፀጉር ቤቱ ቁልፍ ዝጓል፤ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሣር ውጦታል፤ በአውቶቡስ ፌርማታው ወንበር ላይ ድመት ወልዳ አሳድጋለች። ይህ ግን የሕዝባችንን ጨዋነት እንጂ ሌላ ነገር አያሳይም።

እኔም ከዚህች ከተማ ወጥቼ አላውቅም ኖሯል። ይህን የተረዳሁት ብዙ ዓመት ሌላ አገር ኖሬ ስመለስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ አገር ሊፍት እጠግናለሁ፤ ትዳርም እዚያው ያዝኩ። የመኖሪያ ቪዛዬን ላሳድስ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቶቼን አገላብጣ ፊቷን ቋጠረች።

«ከቀድሞ ከተማዎ መልቀቅዎን የሚያስረዳ መሸኛ የለም» አለችኝ።

«እህቴ፣ ለቅቄ አይደል እንዴ እዚህ ፊትሽ የቆምኩት?»

«መቆምዎ ይታያል። መልቀቅዎ ነው የማይታየው። በአካል ሄደው ያምጡ። ያለሱ ተመልሰው መግባት አይችሉም።»

ባለቤቴ ወሯ ገብቶ ነበር። ስንት ዓመት ለምነን ያገኘነው የመጀመሪያ ልጃችን ነው። በር ላይ ሆዷን ደግፋ ቆማ «ምጡ ሲመጣ እጅህን ካልያዝኩ አልወልድም፤ ነገርኩህ!» አለችኝ።

«ምን ነካሽ፣ አንድ ወረቀት'ኮ ነው! ደርሼ እመጣለሁ» አልኳት። መድረሱን ደረስኩ። መምጣቱ ነው የቀረው።

ያሳደገችኝ አክስቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ አቀፈችኝ፤ አልቅሳም ሳትጨርስ «ውይ በሞትኩት! ክፍልህን'ኮ አከራይቼዋለሁ!» አለች። ተከራዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመሸኛ ክፍሉ ኃላፊ! ዕድል በገዛ እግሯ መጣች ብዬ ደስታዬን አልችል አልኩ። እንግዳ ነህ ብሎ ሳይጠየፈኝ ከአልጋው ሥር ፍራሽ አነጠፈልኝ፤ ያደግኩበትን ሰማያዊ ብርድ ልብስ ግን እሱ ለብሶት ነበር። ጉዳዬን ልነግረው አፌን ስከፍት «አንተ ልጅ፣ የቢሮ ጉዳይ ቤት አይወራም» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁ። ከአንድ ጠረጴዛ፣ መሃሉ ከተሰረጎደ አንድ ወንበርና ከአንድ ስልክ በቀር ምንም የለም።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«ኧረ በፈጠረህ! አሁን አብረን አይደል ቁርስ የበላነው?»

«የቤት ጉዳይ ቢሮ አይወራም። እርስዎ ማን ነዎት?»

ስሜን ነገርኩት። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። አንስቶ «ኃላፊው? ስብሰባ ላይ ናቸው» አለና ዘጋው። ክፍሉን ዞሬ ባይ ከእኔና ከእሱ ሌላ ሰው የለም።

«ምን ያዩኛል? ሁለት ሰው ከተነጋገረ ስብሰባ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ጥበብ በኋላ በደንብ ተምሬዋለሁ።

ከዚያ አሠራራችንን አስረዳኝ። ሌላ ቦታ መሸኛ ማለት ማኅተም የተመታበት ወረቀት ነው፤ እኛ ጋ ግን ሰውን ሳይሸኙ መሸኛ መስጠት ውሸት ነው። የሸኚ ኮሚቴው እስከ በር መጥቶ ንግግር ያደርጋል፤ ተሸኚውን ከተማው ዳር እስካለው ድልድይ ያደርሳል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው እዚያ ነው። ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት፤ ቢያንስ ሁለቱ መገኘት አለባቸው።

«በጣም ጥሩ! ሸኙኛ!» አልኩ።

«ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው መምህሩ ናቸው።»

«መምህሩ የት አሉ?»

«ከተማ ውስጥ።»

«የትኛው መምህር? ያ መነጽራም? እሱማ እኔ በምኖርበት ሕንፃ ከእኛ ሥር ያለው ፎቅ ላይ ነው ያለው! ባለፈው ሳምንት ሊፍት ውስጥ ሰላም ተባብለናል!»

«ሸኝተናቸዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አልሸኘናቸውም። ስለዚህ አልሄዱም። ቦታቸውም ክፍት አይደለም።»

«ሦስተኛውስ?»

«ነፍሳቸውን ይማር፤ ሞቱ» አለ፤ ድምፁም በአክብሮት ዝቅ አለ። «ከዚህ ከተማ በሥርዓቱ ተሸኝተው የወጡ ብቸኛ ሰው ናቸው።»

በቢሮው ስልክ ወደ መምህሩ ደወልኩ፤ መጥተህ ሸኘኝና አብረን እንመለስ ብዬ ለመንኩት። «ልጄ፣ እኔም'ኮ መሸኛ የለኝም» አለኝ። «ገብቼ ማን ያወጣኛል? በገዛ እግሬ ወጥመድ ልግባልህ? ይልቅ ሚስትህን አይዞሽ እላታለሁ።» አክስቴ በሞተው ቦታ እኔን ሹሙኝና ልጄን ልሸኝ ብላ ቢሮ ድረስ መጣች። ኃላፊው ተነሥቶ ተቀበላት፤ አከራዩ ናት።

«እማማ፣ አይሆንም። የሥጋ ዘመድ አይሸኝም።»

«ለምን?»

«ስሜት ይገባበታል።»

«የስሜት ያለህ! እኔ አሳድጌው ማን ሊሸኘው ነው? ድንጋይ?»

«ድንጋይ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አባል መሆን የሚችለው ነዋሪ ብቻ ነው።»

በዚህ ጊዜ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የእኔ እንቁላል ግን ቢሮ ገብቶ ቁጭ አለ።

ክፍቱን ቦታ ለመሙላት ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። በከተማው ያለ ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ገባና ሁለት ረድፍ አልሞላም። ኃላፊው ማይክራፎኑን መታ መታ አድርጎ «እጅግ በርካታ ነዋሪ በተገኘበት በዚህ ታሪካዊ መድረክ» ብሎ ጀመረ። ማን ይሁን ሲባል ዳቦ ጋጋሪው ብድግ አለ።

«ይህ ልጅ ይሁንልን! የተማረ ነው፣ አገር አይቷል፣ ሊፍትም ያወጣል ያወርዳል።»

«እኔ'ኮ አመልካች ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ'ኮ መሄድ ነው የምፈልገው!»

«አንድ የተቃውሞ ድምፅ ተመዝግቧል» አለ ኃላፊው። «ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በከፍተኛ አብላጫ ድምፅ ጸድቋል። ሹመት ያዳብር!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ዳቦ ጋጋሪው እንባ አውጥቶ አጨበጨበ። ይህን ያህል እወደዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለምን እንደወደዱኝ ያወቅኩት በማግስቱ ቢሮው በር ላይ ሻንጣ ይዘው ተሰልፈው ሳያቸው ነው። ለካ ምልዓተ ጉባኤው በእኔ ተሟልቷል! ለካ ሁሉም ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው!

«ከሁሉ በፊት እኔን!» ብዬ ኃላፊው እግር ላይ ወደቅኩ።

«እርስዎ ለራስዎ ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ ደግሞም አባል የሚሸኘው መጨረሻ ነው። ባለቤት ከእንግዳ ቀድሞ ከቤቱ ይወጣል? ነውር ነው።»

ተራዬ ቶሎ እንዲደርስ አንድ መላ ብቻ ነበረኝ፤ ሁሉንም ቶሎ ቶሎ መሸኘት። ዳቦ ጋጋሪውን ሸኘሁ። «የላብዎ ሽታ ከዳቦው ሽታ ጋር በልባችን ይኖራል» አልኩት፤ ተቀየመኝ መሰለኝ ዞሮ ሳያየኝ ድልድዩን ተሻገረ። ልብስ ሰፊዋን ከነመኪናዋ ሸኘሁ። ሹፌሩን ሸኘሁ፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱን እስከ ድልድዩ ራሳቸው ተሸኚዎቹ ይነዱት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ንግግሬ አጭር ነበር። እያደር ግን፣ መቼም እውነት መናገር ደግ ነው፣ ጣፈጠኝ። ሰው ስናገር ጸጥ ብሎ ይሰማኛል! ሊፍት ስጠግን ማን ሰምቶኝ ያውቃል? ድምፄም ወፈረ፤ ጉሮሮዬን መጥረግ ለመድኩ።

በመሃል ኃላፊው ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ሰሌዳው!» አለኝ። «የተሸኘውን ከቀነስን ቁጥሩ ይወድቃል! ታሪካችን ተበላሸ!»

«ለምን ይወድቃል?» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «የተሸኘ ሰው የክብር ነዋሪ ነው። የክብር ነዋሪ ደግሞ አይቀነስም።»

ኃላፊው ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ» አለኝ፤ ቢሮ ውስጥ አንተ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። «አንተ እዚህ ወንበር ላይ ነው የተፈጠርከው።» ደስ አለኝ። ለምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ሦስት ቀረን፤ ኃላፊው፣ አክስቴና እኔ። የእጅ ስልኬ እዚህ ስለማይሠራ ለባለቤቴ የቢሮውን ቁጥር ሰጥቻት ነበር፤ ያን ጠዋት ደወለች። «ወገቤን እያመመኝ ነው፤ ሳይጀምረኝ አይቀርም። የት ነህ? ድረስልኝ!» ስልኩን ዘግቼ ተንበረከክኩ። ንግግሩም፣ ሹመቱም፣ ሁሉም ከዓይኔ ጠፋ።

«በፈጠረህ ይዤሃለሁ፣ ሸኘኝ!»

«በእኔ በኩል ድምፄ ያንተ ነው» አለ። «አንድ ድምፅ ብቻ ይቀራል።»

«እኔ እያለሁ!» አለች አክስቴ ደረቷን እየመታች።

«እርስዎ ዘመድ ነዎት እማማ፤ ይኸው አሁን ራሱ ስሜት እየገባበት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለው መፍትሔ አንድ ነው። መምህሩ መሸኛ አጥተው አይደል የፈሩት? አንተና እማማ እኔን ሸኙኝ። እማማ ለእኔ ዘመድ አይደሉም፤ አከራዬ ናቸው። ቢመጡ እናንተ እንደምትሸኟቸው በአካል ሄጄ አሳምኜ እልክልሃለሁ።»

የሰመጠ ሰው የያዘውን አይመርጥም። አክስቴ በሞተው ሰው ቦታ ላይ ተቀመጠች ተባለ፤ እኔ ደግሞ በምን ሒሳብ እንደሆነ እንጃ፣ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆንኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ታማኝ፣ ትጉህ፣ በስብሰባ የማይሰለቹ» አልኩ፤ እሱ ግን ወረቀቱን ከእጄ መንጭቆ አውቶቡሱን አስነሥቶ በረረ። አክስቴ አይታ አይታ «ውይ! ብርድ ልብስህን ይዞት ሄደ!» አለች።

መምህሩ አልመጣም። እኔ ግን ወንበሩ እንዳይበላሽ ቢሮ እየገባሁ ተቀመጥኩ። ስርጉዱ ለእኔ ተብሎ የተሰረጎደ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። መስመሩ ይንጫጫል፤ ከመስመሩ ጀርባ ደግሞ አንድ ሌላ ድምፅ ይንጫጫል።

«መሸኛ ክፍል ነው?»

ባለቤቴ ናት። «አዎ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኩ በለመደ አፌ። ድምፄን አላወቀችውም።

«ለባለቤቴ መልእክት ንገሩልኝ። ወንድ ልጅ ነው በሉት። በሰላም ተገላግያለሁ። ሆስፒታል ያደረሱኝ የታችኛው ፎቅ መምህር ናቸው፤ የሳቸውን እጅ ይዤ ነው የወለድኩት፤ ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። ደግሞ ከእናንተ ከተማ የመጣ አንድ ሰውዬ አለ፤ ልጁን በሰማያዊ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ረጅም ንግግር አደረገለት። ልጁ ንግግሩ እስኪያልቅ ዝም አላለም።»

እንባዬ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ልጄ እያለቀሰ ነው፤ በእኔ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሌላ ሰው እቅፍ። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ዓይኔ በመስኮቱ አልፎ ሰሌዳው ላይ አረፈ። የነዋሪ ልጅ ነዋሪ ነው። ቁጥራችን በአንድ ሊጨምር ነው፣ በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ! ወዲያውም ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህ ልጅ ከተማው ውስጥ የለም፤ ታዲያ ማን ሸኘው? ያለ መሸኛ ነው የሄደው። ስለዚህ አልሄደም።

«ሃሎ? እየሰሙኝ ነው?» አለች ባለቤቴ። ድምፅዋ ተሰበረ። «እባክዎ ያቅርቡልኝ። መቼ እንደሚመጣ ብቻ ይንገረኝ።»

መቼ ልበላት? ምን ብዬ ልንገራት? ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እመቤቴ» አልኳት፣ «ባለቤትዎ ስብሰባ ላይ ናቸው።»