ኅዳር አሥራ ሦስት የተተከለ ሰላጣ

«አዲስ አበባ አየሯ ያው አንድ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ያለ ጥርጥር ቦሌ ነው የሚኖረው። እኛ እንጦጦ ሥር ያለን ጉለሌዎች ኅዳር ሲገባ ሹራብ በሹራብ ደርበን ታክሲ እንሳፈራለን፤ መሀል ከተማ ስንደርስ ሰዉ ከሕመም የተነሣን ይመስለዋል። እኛስ እንደርባለን። ጓሮ ያለ ቅጠል ምን ይደርብ?

ይህን ቀደም ብዬ አስቤ ቢሆን ኖሮ ባልተዋረድኩ። የጽዋ ማኅበራችን ተራ ለታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት እኔ ላይ ወደቀ። ጊዜው ጾም ነው፤ አፌ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ «ሰላጣውን ከገዛ ጓሮዬ ነው የማበላችሁ!» ብዬ ስድስት ማኅበርተኞች ፊት ፎከርኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ክብሬ በሙሉ በአርባ ችግኝ ላይ ተንጠለጠለ።

ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ሸማኔ ናቸው፤ ማኅበርተኛም ነን። ችግኞቹን ከአጥር ወዲያ አዩና «ልጄ፣ እስከ ጥምቀት ለማይለቀው ለዚህ ውርጭ ጎመን ይሻላል፤ እሱም በመስከረም ከተተከለ ነው» አሉኝ። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። በየማታው አንድ ሳህን ውሃ ደጅ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ላዩ በረዶ ካልያዘ ውርጩ አለቀ ማለት ነው። ኅዳር አሥራ ሦስት ጠዋት ውሃው ውሃ እንደሆነ ቆየኝ። በደስታ አርባውንም ተከልኩ።

ዋዜማው ምን እንደነበር እናንተ ታውቃላችሁ፤ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ቆሻሻ ሲያቃጥል ውሏል፣ አምሽቷል። ያ ሁሉ ጭስ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖን እንዳደረ ለተማረው ሰው አልታየውም። በአሥራ አራት ጭሱ የለም። በአሥራ አምስት ሰላጣውም የለም፤ የተቀቀለ መስሎ፣ ጠቁሮ መደቡ ላይ ተኝቷል። አዘንኩ፤ ከማዘኔ ይልቅ ግን አፈርኩ።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ገበያ ወርጄ ሰላጣ ገዛሁ። ሰው ድንገት ጓዳ ቢገባ ብዬ ሥሩን የጓሮዬን አፈር ቀባሁት። በማግሥቱ ማኅበርተኛው እየጎረሰ «ውርጩን እንዴት አመለጠ?» ሲለኝ «ምስጢሩ ቀኑ ነው፤ ኅዳር አሥራ ሦስት!» አልኩ። የተቃጠለውን መደብ በዓይናቸው ያዩት ጋሽ ወልዴ ቀና ብለው አዩኝና ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ። ምነው በተናገሩኝ!

በዓመቱ ከጋሽ ወልዴ በቀር አምስቱም በኅዳር አሥራ ሦስት ሰላጣ ተከሉ። የአምስቱም ነደደ። ተሰብስበው ቤቴ ሲመጡ ጋሽ ወልዴም አብረው ነበሩ፤ ዛሬ ጉዴ ፈላ አልኩ። እነሱ ግን አንገታቸውን ደፍተው «ቀኑስ ልክ ነበር፤ እጃችን ነው የማይባረከው። የአንተ እጅ ያበቅላል፤ እባክህ ዞረህ ትከልልን» አይሉኝ መሰላችሁ?

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አፌ ግን መቼ ይታዘዘኛል።

«የኔ እጅ እንኳ» አልኩ፣ «የሚያበቅለው ከጥምቀት በኋላ ነው።»

«ይሄስ እውነት ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።