ቆሞ የሚማር ሰው

እጁን አጣጥፎ በማየት ብቻ ሙያ የሚጨርስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጣሊያን ጊዜ መተማ በረሃ፣ አርበኞች ሰፈር አግኝቼዋለሁ። ጨው ይዤ ስደርስ ሐኪሙ ለአዳዲስ አስታማሚዎች ደም ማቆምን ያስተምር ነበር። እኔም ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ቁስለኛ መስዬ ተጋደምኩላቸው። አንዱ ተማሪ ጭኔን በአቡጀዲ ጠፍሮ አሰረኝ። ሐኪሙ ውሃ ሊጠጣ ዞር ሲል እግሬ ደነዘዘ።

«ፍታኝ ወንድሜ፣ እግሬ ሊሞት ነው» አልኩት።

ሦስት ቀን ሙሉ ጨርቅ ሳይነካ ትምህርቱን ቆሞ የተመለከተው ሌላው ተማሪ አያ ገላዬ፣ «እንዳትፈታው። እውነተኛ ቁስለኛም እንዲሁ ነው የሚለው፤ አጥብቅ» አለ። ተማሪውም አጠበቀ።

ሐኪሙ ደርሶ ማሰሪያውን በጩቤ ቆረጠልኝ። «አያ ገላዬ፣ እግሩ ሲያብጥ አላየህም?» አለው።

«እንዴት አላይም? ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ኮራ ብሎ።