የዳክዬው ቤት ደንበኛ

ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው የሌለበት ጠጅ ቤት በዚህ አገር አይገኝም። የትም ግቡ፣ አንድ አለ። መንገዱን የሄደው እሱ ነው፤ የምንደክመው ግን እኛ ነን። ጠጅ ስትቀምሱ እዚያ እንዲህ እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ዝናብ ሲጥል ከዚያኛው ዝናብ ጋር ያወዳድርላችኋል። ለቅሶ ቤት ብትወስዱት እንኳ ነጮቹ እንዴት እንደሚያለቅሱ ሳያስረዳ አይነሳም።

ለእኛ ለአቃቂዎች የደረሱን ክቡር አቶ ገብረጻድቅ ናቸው። የምንሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጥገና ተማሩ ብሎ እንግሊዝ አገር ልኳቸው ከመስከረም እስከ ፋሲካ ተቀምጠው መጡ። ከመጡ ወዲህ ግን ስለ ማሽን ሲያወሩ የሰማ የለም። የሚያወሩት ስለ አንድ መጠጥ ቤት ብቻ ነው።

ያ መጠጥ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው አሉ። በሩ ላይ ዳክዬ የተሳለበት ሰሌዳ ስለተንጠለጠለ ስሙም ዳክዬው ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ እንጨቱ በጢስ የጠቆረ። ከምድጃው ፊት አንድ ዓይኑ የጠፋ ያረጀ ውሻ ይተኛል። የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በአንድ ጥግ ሽማግሌዎች ትንንሽ ቀስት መሳይ ነገር ክብ ጣውላ ላይ ይወረውራሉ። የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ደወል ይደወላል፤ ሁሉም ያለ ጭቅጭቅ ኮፍያውን አድርጎ ይወጣል። እኔ እንግሊዝ አገር ደርሼ አላውቅም። ዳክዬው ቤት ግን ዓይኔን ጨፍኜ መግባት እችላለሁ፤ ውሻውንም አልረግጠውም።

ይህን ሁሉ የምንሰማው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ጠጅ ሻጯ ወርቅውሃ ቤት ነው። የፋብሪካው ጡሩምባ ጮኾ ፈረቃችን ሲያልቅ ጥጡን ከፀጉራችን ሳናራግፍ የምንገባው እዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጮህብን ውሎ የምንመኘው ትንሽ ጸጥታ ነበር። አቶ ገብረጻድቅ ደግሞ ከማሽኑ ይብሳሉ። ማሽኑስ ክር ሲበጠስበት ይቆማል።

“ወርቅውሃ፣ እንግሊዝ አገር መጠጥ በእንዲህ ያለ ብርሌ አይቀርብም” ይላሉ።

“ታዲያ በምን ይቀርባል?”

“ጆሮ ባለው ወፍራም ብርጭቆ።”

“እንግዲህ የእኛ ጆሮ የለውም፤ አንገቱን ይዘው ይጠጡ” ትላቸውና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ቀምሳ ትቀዳላቸዋለች።

አንድ ቀን ሐዲድ ጠጋኙ ጣሰው፣ “ለመሆኑ ቢራቸው ምን ምን ይላል?” ብሎ ጠየቃቸው።

“ቢራማ ያው ቢራ ነው” አሉና ወደ ውሻው ተመለሱ።

የባሰው አመላቸው ግን ሌላ ነው። አቃቂ ባቡርና ፋብሪካ ያለበት አገር ስለሆነ ሥራ ፈላጊ አዲስ ሰው አያጣም። እንዲህ ያለው እንግዳ ብርድ በሚገባበት በር ሥር ካለው ዱካ ላይ ኩርምት ብሎ ይቀመጣል። አቶ ገብረጻድቅ ይህን ማየት አይችሉም። የጀመሩትን ወሬ ጥለው ይነሳሉ።

“በእንግሊዝ አገር ሰው በር ላይ አይቀመጥም” ይላሉ። “ጠጋ ጠጋ በሉ እናንተ። ወርቅውሃ፣ ለእንግዳው ቅጂለት።”

እኛም እያጉረመረምን እንጠጋለን። ሁልጊዜ የሚጣበበው የኔ አግዳሚ ነው። እሳቸው አገሩን ይጠይቁታል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁታል፣ የትኛው ክፍል ሥራ እንደሚገኝ ይነግሩታል። አንድ ጠጥቶ ሊተኛ የመጣው ምስኪን ከዳክዬው እስከ ደወሉ ድረስ ሰምቶ ይሄዳል።

በኋላ ፋብሪካው ሰቦቃ የሚባል መካኒክ ወደዚያው ከተማ ላከ። ጠጅ ቤቱ ተደሰተ፤ ምስክር ሊመጣ ነው። ውሻው ሁለት ዓይን ያለው ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ቤቱ ራሱ ከነጭራሹ ከሌለ፣ የአቶ ገብረጻድቅ ነገር አበቃ። እሳቸውም ይህ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ወሬያቸው እየቀነሰ ሄደ። “ሰቦቃ እዚያ ድረስ እንኳ የሚሄድ አይመስለኝም፤ ከከተማው ይርቃል” ማለት ጀመሩ።

ሰቦቃ ተመለሰ፤ አዲስ ካፖርቱን እንደለበሰ ጠጅ ቤት ገባ። አቶ ገብረጻድቅ ከመሀል ቦታቸው ላይ ነበሩ።

“ዳክዬውን አየኸው?” አለ ጣሰው።

“አየሁት። ሁሉም እሳቸው እንዳሉት ነው። ውሻውም አንድ ዓይና ነው።”

የአቶ ገብረጻድቅ ፊት በራ። ሰቦቃ እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። ግን ሰቦቃ ቅን ሰው ነው፤ ከቅን ሰው ይሰውራችሁ።

“እኔም እንደ ጨዋ ተቀምጬ አሳላፊ ስጠብቅ ነበር” አለ። “ለካ እዚያ አሳላፊ የለም። ራስህ ተነስተህ ባንኮኒው ጋ ካልጠየቅክ ማንም አይመጣልህም። አሠልጣኛችን ነው ያሳየኝ። ባለቤቱን ስለ አቶ ገብረጻድቅ ብጠይቀው በደንብ ያስታውሳቸዋል። ‘ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ደወል ሲደወል ይወጣሉ። ሰው የሚጠብቁ መስሎን ነበር’ አለኝ።”

“ከመስከረም እስከ ፋሲካ ጉሮሮዎ እንደ ደረቀ ነው?” አለ ጣሰው።

“ጨዋ ሰው ተነስቶ መጠጥ አይለምንም” አሉ አቶ ገብረጻድቅ፤ ድምፃቸው ብዙም አልተሰማም። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሳቸው ያለ ጭቅጭቅ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ፈረቃ ሲያልቅ ሐዲዱን ይዘው፣ ወደ ጠጅ ቤቱ ዞር ሳይሉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኛም የተመኘነውን ጸጥታ አገኘን። አግዳሚዬ ሰፋ። እንደ ልቤ እግሬን ዘርግቼ መጠጣት ጀመርኩ፤ ምን እንደ ጎደለኝ ግን አላውቅም ነበር።

አንድ አመሻሽ ላይ ጥቅል የያዘ ጎልማሳ ገባና በሩ ሥር ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ወርቅውሃ ጓዳ ነበረች። ሁላችንም የየራሳችንን ወሬ ይዘናል፤ ቀና ብሎ ያየው የለም። እሱ ጣሪያውን ያያል። ግድግዳውን ያያል። ምሰሶው ሥር የተኛችውን ድመት አተኩሮ ያያል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። መጠጥ ቤትን እንዲያ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ያልተቀዳለት ሰው ነው። እኔም ከመንዝ የመጣሁ ዕለት እዚያችው ዱካ ላይ ነበርኩ፤ ግን ድመቷን እንኳ ለማየት ጊዜ አልተሰጠኝም። አቶ ገብረጻድቅ ወዲያው አነሱኝ። እንግዳ በር ላይ የማይቀርበት ያ እንግሊዛቸው ሌላ የትም አልነበረም፤ እዚሁ ነበር። እሱንም እኛ ስቀን ዘጋነው።

ተነሳሁ። “በእንግሊዝ አገር ሰው በር ላይ አይቀመጥም” አልኩ።

ጣሰው ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። ጠጋ አለ። ወርቅውሃም ከጓዳ ወጥታ፣ መዳፏ ላይ ቀምሳ፣ ለሰውየው ቀዳች።

“ጋሼ፣ እንግሊዝ አገር ነበሩ እንዴ?” አለኝ እንግዳው ትንሽ ሞቅ ሲለው።

“እኔ አልነበርኩም። የነበሩት ሰውዬ ከሐዲዱ ወዲያ ነው ቤታቸው። ጠጅህን ጨርስና አብረን ሄደን እንጠራቸዋለን።”

“ራሳቸው አይመጡም?”

“አይመጡም” አልኩት። “ካልጠሯቸው አይነሱም፤ ጨዋ ሰው ናቸው።”