የደምሴ እጀታ

ደምሴ የሞተር መጋዛችንን ሁለተኛ እጀታ ፈትቶ አወጣው። የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ሰው ከድካም ልገላገል ሲል ሌላ ከምን ከምን እንደሚገላገል አስቀድሞ አይጠይቅም። መኪና ሲመጣ በቅሎ ተረሳች፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንዳንዳችሁም መኪናው ውስጥ ተደላድላችሁ ስለ በቅሎዋ ታዝናላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ሞተር ገዝቻለሁ።

እኔና ደምሴ አንኮበር ውስጥ ጣውላ ሰንጣቂዎች ነበርን። አንዛመድም። ሁለታችንም አባትም መሬትም የሌለን ጎረምሶች ስለነበርን መጋዝ አገናኘን። ያን መጋዝ ላላየ፣ ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ በሁለቱም ጫፍ እጀታ አለው። ግንዱ ቆጥ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከላይ ቆሞ ይስባል፣ ሌላው ከታች። የላይኛው ወገቡን ያመዋል፤ የታችኛው ሰጋቱራ ይቅማል። እኩለ ቀን ላይ ምሳ በልተን ቦታ እንለዋወጣለን። ምሳውን የሚያቀርበው የእንጨቱ ባለቤት ነው፤ ደንቡ እንዲያ ነው፤ ሰንጣቂ ስንቅ ይዞ አይወጣም። ሁለት ሆነን የአራት ሰው እንበላ ነበር።

«አንተ፣ ትስባለህ ወይስ ተደግፈህ ቆመሃል?» ይለኛል ደምሴ ከታች ሆኖ።

«አንተን ከነመጋዙ እየሳብኩ ነው» እለዋለሁ።

ደብረ ብርሃን የነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሣ አሮጌው ዕቃ ተሸጠ። ከተቀደደ ጎማና ከቆርቆሮ ክምር መካከል የሞተር መጋዙን ያየው ደምሴ ነው። የዚያን ጊዜው የሞተር መጋዝ ከባድ ነው፤ ይሄኛው ለሁለት ሰው የተሠራ ነበር። አንዱ ሞተሩን ይይዛል፤ ሌላው ጫፉ ላይ ያለውን እጀታ።

«ፈረንጅም ብቻውን አይሰነጥቅም ማለት ነው» አለ ደምሴ፤ ደስ ብሎት። ያለንን አሟጠን ገዛነውና በኪራይ በቅሎ ጫንነው። በቅሎዋ ሽታውን ጠልታ እስከ ጎረቤላ ድረስ አንገቷን እያዞረች ታየው ነበር። አሁን ሳስበው ከሦስታችን አስተዋይ እሷ ብቻ ነበረች።

ክረምቱን ስናክመው ከረምን። ካርቡራተሩ ውስጥ ተርብ ቤት ሠርታበት ነበር፤ ደምሴ በዶሮ ላባ ጠረገው። ካንዴላውን በአመድ አሸ፤ የሰንሰለቱን ጥርስ አንድ በአንድ በሞረድ ሳለ። እሱ የማከሙ እጅ ነበረው፤ እኔ የመያዙ ትከሻ። ሞተሩ በተነሣ ቀን የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ጠፋ፤ እኛ ሳቅን። አንድ ነገር ብቻ አልዳነም። ደምሴ የሚይዘው የጫፉ እጀታ ብሎኑ ተበልቶ ስለነበር ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር ትከሻዬን ይመነጭቀዋል። ደምሴ ሁለት ቀን አየኝና መፍቻውን አነሣ።

«አንተን የሚጎዳህ ይሄ ነው። ይውጣ።»

«አንተስ ምን ልትይዝ?»

«ምሳውን እይዛለሁ» አለ።

መጀመሪያ የጠራችን ጎረቤላ ላይ ጠጅ ቤት የምታሠራው እትዬ አስካለ ናት። እኔ ቆረጥኩ፤ ደምሴ ቆሞ ሞተሩን ተመለከተ። ምሳ ሲደርስ የአንድ ሰው ምግብ አቀረበች።

«እትዬ፣ ሁለት ነን እኮ» አልኳት።

«አንድ ሰው ሲሠራ አየሁ፤ ለአንድ ሰው አቀረብኩ። እሱ ምን ይሠራል?»

«እኔማ ሞተሩን አዳምጣለሁ» አላት ደምሴ።

«እንግዲያማ ጠግበሃል። ጩኸቱ እኔንም ከጓዳ ሆኜ አጥግቦኛል።»

ሳቅንና አንዱን ምሳ ለሁለት በላን። በሌላውም ቤት እንዲሁ ሆነ። «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» እያሉ ያሳደጉን ሰዎች «ባለሞተሩ ብቻውን ይምጣ» እያሉ ይልኩብን ጀመር። ደምሴ ግንድ ማገላበጥ፣ ቤንዚን መቅዳት፣ ሰጋቱራ መጥረግ ጀመረ። ሰጋቱራ የሚጠርግለት ሰው የሚፈልግ የለም።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ና ብለው «ጠግቤያለሁ» አለኝ። ከሰንጣቂ አፍ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው።

«እጀታህን መልሰው» አልኩት።

«ማን ሁለት ሰው ሊጠራ?» አለና ወሬ ቀየረ።

በገበያ ቀን ዘይት ልገዛ ብሎ ወደ አሊዩ አምባ፣ ወደ ቆላው ወረደ። ዘይቱን በአንድ ነጋዴ እጅ ላከልኝ፤ እሱ ራሱ እዚያው ቀረ። ነጋዴው ሼህ ሰይድ ይባላሉ፤ ጭነት ጫኝ አድርገው የቀጠሩት እሳቸው ናቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ትከሻው እንዴት ነው ብሏል» አሉኝ። ደህና ነው በሉት አልኳቸው። ና በሉት አላልኩም፤ ና ብዬ ምን ላስይዘው?

ዓመት ሳይሞላ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ደብረ ብርሃን ሄድኩ፤ የሚተካው አልተገኘም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አሮጌውን መጋዝ ከግድግዳ አውርጄ ጥርሱን ሳልኩ፤ ዝገቱን በአሸዋ አሸሁና ደምሴን ልጠራ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ሼህ ሰይድ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አገኙኝ። ገና ሳልጠይቃቸው ወንበር ሰጡኝ፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ወባው ጠናበት። ደገኛ ነው፣ አልቻለውም። ሰው ልኬብህ ነበር፤ መንገድ ላይ ተላልፋችኋል። አላህ ያጽናህ።»

ሞተሩን እንደ ቁራጭ ብረት ሸጥኩት። ፈትቶ ያስቀመጠው እጀታ መደርደሪያ ላይ ነው። አሮጌው መጋዝ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም እጀታዎቹ ደህና ናቸው። ከሁለታችን የቀረሁት እኔ ነኝ።