ለገዛ ልጄ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

ልጅ ከሩቅ አገር ስልክ ደውሎ ላሞቹን በየስማቸው ከጠየቀ ነገር አለ። «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብሎ ቶሎ ከዘጋ አትስጉ፤ ወይ ሥራ በዝቶበታል፣ ወይ ጓደኛ እየጠራው ነው። «ዳለቻ ወለደች? ቦራስ እግሯ ዳነ?» ማለት ከጀመረ ግን ልቡ ሻንጣውን እያሰረ ነው።

እኔ መቁጠር እወዳለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ከቤቴ እስከ ወፍጮ ቤቴ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በክረምት አራት መቶ ሠላሳ ይሆናል፤ የደብረ ታቦር ጭቃ እርምጃ ያሳጥራል። በጉብዝናዬ ከገሳይ ወደዚህ ስመጣ ያለኝ ነገር ሁሉ በሁለት እጄ ጣቶች ተቆጥሮ ሁለት ጣት ይተርፍ ነበር። ልማዱ ያን ጊዜ ያዘኝ። ጥቂት ያለው ሰው ካልቆጠረ፣ ያለችውም መሄዷን አያውቅም። ባለቤቴ እንይሽ «ይህ ሰው በእኔ ቀብር ላይ እንኳ ለቀስተኛ ይቆጥራል» ትላለች። ለምን አልቆጥርም? ማን እንደቀረ በምን ይታወቃል?

የመጨረሻ ልጃችን ማስተዋል ዩኒቨርሲቲ ስትመደብም መቁጠሬን አልተውሁም። የደረሳት ቆላ አገር ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ስሙን አልጠራውም፤ ግቢው ምንም አላጠፋም። መናኸሪያ ቆመን አሥራ አራት ምክር መከርኋት። አውቶቡሱ ሳይነሳ «እስቲ ድገሚልኝ» አልኋት። ስድስቱን ደገመች። በኋላ ሳጣራ አምስቱ የእናቷ ነበሩ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ስትደውል ሦስት ደቂቃ ነው፣ ቢበዛ አራት። «ደህና ነኝ አባዬ» ትላለች፣ አለቀ። በስምንተኛው ሳምንት አንድ እሑድ ሃያ ስድስት ደቂቃ አወራች። ላሞቹን ጠየቀች። የወፍጮውን ቀበቶ ጠየቀች። የጎረቤታችንን የደምሌን ውሻ ሳይቀር ጠየቀች። ያ ውሻ ሁለት ጊዜ ነክሷታል። የነከሰው ውሻ የናፈቀው ሰው ምን ያህል ቢከፋው ነው?

በማግስቱ ለእናቷ ተናገረች። ልጅ ዋናውን ነገር ለአባቱ አይናገርም፤ ለአባት የሚደርሰው ተጣርቶ ነው። ነገሩ ይህ ነው። ማስተዋል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ መውጣት የለመደች ልጅ ናት። እዚያ የመጀመሪያውን ፈተና ከሠላሳው ዘጠኝ ብቻ አመጣች። ዶርሟ ውስጥ ስድስት ሆነው ይኖራሉ፤ ሁሉም ከየአገሩ የመጡ ናቸው። እሷ ሁለት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከመተኛት በቀር ከአንዳቸውም ጋር አልተጫወተችም። በቃኝ ብላለች። ዊዝድሮው የሚሉትን ወረቀት ሞልታ፣ ትምህርቱን ትታ ልትመጣ ነው። «አባቴን አንቺ አግባቢልኝ» ብላ እናቷን ለምናታለች።

እንይሽ «ትምጣ፤ ልጄን በሕይወት ልያት» አለች። እኔ ግን አንድ ዓመት ልረፍ ብሎ የተመለሰ ልጅ አይቻለሁ። በእኛ ሰፈር ብቻ አራት አሉ። አንዱ አሁን ሁለት ልጅ ወልዶ እያረፈ ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ? ልቆጣ? በስልክ የሚቆጣ አባት እንደ ሬዲዮ ነው፤ ይዘጉታል። ልምከር? ከአሥራ አራቱ አንዷ ብቻ መትረፏን ነገርኋችሁ። በእኛ አገር ነገር ሲጠና የሚደረገው አንድ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይላካል፣ ድንበር ሲገፋ ይላካል፣ ደም ለማድረቅም ይላካል። ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም። በዚህ ስንት እምቢተኛ ሲረታ አይቻለሁ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ትበልጠናለች?

መሪጌታ ፈንታ ዘንድ ሄድሁ። የደብራችን መምህር ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብቻ ግማሹ ጠብ ይበርዳል። ጉዳዩን ሰሙና «ሽማግሌ ለባል ይላካል፣ ለደመኛ ይላካል። ለገዛ ልጅ ተልኮ ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም» አልሁ።

«እንግዲያው ሄደን እንየው» አሉ።

ሦስተኛ ሰው የውሻው ባለቤት ደምሌ ሆነ። ቀልድ ያበዛል እንጂ መንገድ ላይ አይሰለችም።

እንይሽ እንደ ሞሰብ የሰፋ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ቆላው የልጅቱን ራስ አድርቆታል ብላ አንድ ጣሳ የራስ ቅቤ ጨመረች። ለጥምቀት የተሠፋላትን ነጭ የጥበብ ቀሚስም አጣጥፋ ከተተች፤ «ብትመጣም ባትመጣም ትልበሰው» ብላ። እኛ ሦስታችን ነጭ ጋቢ ለብሰናል፣ ከዘራ ይዘናል፣ መሪጌታ ጠምጥመዋል። ይህን ሁሉ እናንተ ከሩቅ ብታዩት ምን ይመስላችኋል? እኛ አልታየንም። ሰው ራሱን ከሩቅ አያይም።

ከሁለት ቀን በኋላ ግቢው በር ላይ ደረስን። ጥበቃው ሻንጣውን ከፈተ። ቀሚሱን አየ፣ ቅቤውን አየ፣ ዳቦውን አየ። ቀና ብሎ ሦስታችንን አየና «ለምን ጉዳይ ነው አባቶች?» አለ። መሪጌታ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጭነው «ሽማግሌዎች ነን ልጄ። ስለ አንዲት ተማሪ ነው የመጣን» አሉ። ስሟን ነገርነው። ወደ ጥግ ሄዶ ስልክ ደወለ፤ እየደወለም ከዓይኑ አላወጣንም። ተመልሶ አግዳሚ ላይ እንድንቀመጥ ጋበዘን። መሪጌታ «ጉዳይ ሳያልቅ ሽማግሌ አይቀመጥም» ብለው እምቢ አሉ። እሳቸው ከቆሙ እኛስ እንዴት እንቀመጥ? በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ጋቢ፣ ሃምሳ ደቂቃ ቆምን።

ጥቂት ቆይቶ ሴት ተማሪዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። እጃቸውን አጣምረው ራቅ ብለው ያዩናል። አሥራ ዘጠኝ ሲሆኑ አንዷ፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ሙሽራው ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። «የምን ሙሽራ?»

«እንደ እርስዎ ነው ወይስ ትንሽ ያንሳል?»

መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ምን ነው የምትለው ልጅቱ?» አሉ። ቀድሞ የገባው ደምሌ ነው። ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፍኖ «ሁሉን ይዘን መጥተን ሙሽራውን ረሳነው» አለ።

ያን ጊዜ ራሳችንን በልጆቹ ዓይን አየሁ። ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ቀሚስ፣ የራስ ቅቤ፣ ድፎ ዳቦ። ምን ቀረ?

ወዲያው የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ ወደሚይዝ ቢሮ ተጠራን። ኃላፊዋ ከሁለተኛ ልጄ ብዙ የማትበልጥ ሴት ናት። ብድግ ብላ ተቀበለችን፣ ውኃ አስቀዳችልን። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ «አባቶቼ፣ በክብር ነው የምነግራችሁ። ማስተዋል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካልፈለገች ከዚህ ግቢ ማንም አያስወጣትም» አለች።

አልተቀየምኋትም። ታላቅ እኅቴ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ነው የተዳረችው። ያን ጊዜም ሦስት ሽማግሌ መጡ፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ እንደ እኛ አንቀመጥም ብለው። ሁሉም ተጠየቀ፣ አጎቶቻችን ሳይቀሩ። እሷ ውኃ እንድትቀዳ ተልካ ነበር። ስትመለስ ነገሩ አልቋል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ሴት በአገሩ አንዲት ብትኖር ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ ነገሩን አጥርቼ ላስረዳት፣ ይቅርታም ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ።

በሩ ተከፈተና ማስተዋል ገባች። ከስታለች። ከኋላዋ አሥራ ዘጠኙም ተማሪዎች ተከትለው በሩ አልዘጋ አለ። ባለ አጭር ጸጉሯ እጇን ይዛታለች። ሁለት ወር ፊቷን ለግድግዳ የሰጠች ልጅ እጇ ሰው እጅ ውስጥ ነው። ሦስታችንንም ጉልበታችንን ስማ ተመልሳ ከልጆቹ መካከል ቆመች።

ኃላፊዋ «ሊወስዱሽ መጥተዋል። መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

ማስተዋል ከሻንጣው ብቅ ያለውን ነጭ ቀሚስ አየች። ከዚያ እኔን አየች። «አባዬ፣ እናቴ ስትነግርዎት ያሰቡልኝ ይህን ነው?» አለች።

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። «የለም ልጄ፣ ትምህርትሽን አትተዪ ብለን ልንለምንሽ ነው የመጣን» ብል እውነቱ ያ ነው። የሚቀጥለውንም አውቀዋለሁ። አንገቷን ትደፋለች፣ «አልችልም» ትላለች፣ እንባ ይከተላል፣ እኛም እንደቆምን እንቀራለን። አሁን ግን ልጄ ቀና ብላ ቆማለች። ዓይኗ እሳት ሆኗል። እንዲህ ሆና ያየኋት በስምንተኛ ክፍል አንዱ ልጅ አንደኛነቷን ሊነጥቃት ሲል ብቻ ነው።

«ልምጣ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አልኋት። «መጥተሽስ ምን ልትሠሪ አስበሽ ነበር?»

በዚህ ውስጥ ውሸት የለም። አንድ በአንድ ፈትሹት።

መሪጌታ የተጣመመ ነገር አይወዱም። ሊያቀኑት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የከዘራዬን ጫፍ ጫማቸው ላይ ቀስ ብዬ አሳረፍሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ማስተዋል «አልሄድም» አለች። «ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

ባለ አጭር ጸጉሯ ወደ እኔ ዞራ «ሒሳቡን እኔ አስጠናታለሁ» አለች፣ እንደሚዝት ሰው። ሌላዋ «ፊዚክሱን ደግሞ እኔ» አለች። ሦስተኛዋ «ዓይናችን ከእሷ አይነቀልም፣ እንዲያውቁት» አለችኝ። ይህን ሁሉ የሚሉት እኔን ለማናደድ ነው። እንዲህ ደስ የሚል ዛቻ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። እንደ ተረታ ሰው አንገቴን ደፋሁ። ቀና ብል እስቅ ነበር።

ልጅቱን በግድ ላንወስዳት ፈርሙ ተባልን፤ ሦስታችንም ፈረምን። መሪጌታ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው በቁም ጽሑፍ ጽፈው ሲያበቁ «እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ» ብለው ተቀመጡ። ዳቦውን ለልጆቹ ቆረስንላቸው። መጀመሪያ ፈሩት፤ የሠርግ ዳቦ መስሏቸው ነው። «ስላሸነፋችሁን ነው፣ ብሉ» አልኋቸው፣ በሉ። ከመውጣታችን በፊት ግን ለኃላፊዋ ብቻዋን እውነቱን ነገርኋት። እንዲያ ያለች ሴት ስትታለል ዝም ብዬ ብሄድ እኅቴን እንዴት አያታለሁ? እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ወረቀቱን ግን አልቀደደችውም። «ግድ የለም አባቴ፣ እዚሁ ይቀመጥ» ብላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

በሳምንቱ ማስተዋል ደወለች።

«አባዬ፣ ሙሽራ እንደሌለ እናቴ ነገረችኝ» አለች።

ለቁጣዋ ተዘጋጀሁ።

«ለልጆቹ ግን አልነገርኋቸውም። ካፌ ወረፋ እየያዙልኝ ነው።» ሁለት ደቂቃም ሳይሞላ ዘጋችው። በሁለተኛው ፈተና ከሠላሳ ሃያ አንድ አመጣች።

ከዚያ ወዲህ እኔ መካሪ ሆንሁ። ልጁ ግቢ የከፋበት ወላጅ ሁሉ ወፍጮ ቤት ይመጣል። አትቆጡ እላለሁ፣ አትለማመጡ እላለሁ። ነጭ ጋቢ ልበሱና ልውሰድ በሉ፣ ሌላውን ልጁ ራሱ ይጨርሰዋል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ መከራውን አሳዩት እንጂ አታቅምሱት ብዬ አሻሻልሁት። ኮራሁም መሰለኝ።

ዘንድሮ የደምሌ ወንድ ልጅ ከሌላ ግቢ ደወለ። ትምህርቱ ከብዶታል፣ ሊመጣ ነው። ደምሌ አልተጨነቀም፤ መድኃኒቱን በዓይኑ አይቷል። እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች፣ ያው የእንይሽ ድፎ ዳቦ፣ ተነሣን። በሩ ላይ ጥበቃው ሻንጣውን እንኳ አልከፈተም። ወንድ ልጅ ልናይ መምጣታችንን ሲሰማ በጣቱ ዶርሙን አሳየን። የከበበን ተማሪ የለም። ቢሮ የጠራንም የለም። ልጁ በነጠላ ጫማ ወጣ።

ደምሌ መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ የነበረውን ኮስታራ ፊት አውጥቶ «ልወስድህ ነው የመጣሁት። ልድርህ ነው» አለው።

ልጁ አባቱን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ እኔን አየ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ቆንጆ ናት?»

መናኸሪያ ስንደርስ ሻንጣውን አውቶቡሱ ላይ ጭኖ ይጠብቀን ነበር።

አሁን ልጁ ደምሌ ቤት ተቀምጧል። በየጠዋቱ «አባዬ፣ ከምን ደረሰ?» ይላል። አባት በሽማግሌ ፊት ያወጣውን ቃል መልሶ አይውጠው ነገር። ስለዚህ መሪጌታና እኔ ሙሽራ ፍለጋ እየዞርን ነው። ወደ እብናት ወረድን፣ ወደ አንበሳሜ ተሻገርን። እስካሁን አምስት ቤት አንኳኳን። አምስቱም ቤት በክብር ተቀበሉን፣ ጠላም ቀረበልን። አምስቱም ቤት ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ናት አሉን፤ ሳትመረቅም ከዚያ ንቅንቅ አልልም ብላለች።