የአማቼ ሙዝ ተመልካቾች

ፎቶ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ፎቶ አያይም። የሚያየው ቁጥር ነው። ካላመናችሁኝ ባለቤቴን ታደለችን ጠይቋት፤ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ "ዛሬ ስንት ሰው አየኝ?" ስል ሰምታ ሰምታ ስለሰለቻት፣ አሁን "እኔ አይቼሃለሁ፣ አይበቃህም?" ትለኛለች።

ሴቻ ሰፈር ካለው ቢሮዬ ስወጣ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ያላነሳሁት ነገር የለም። አዞ፣ ሐይቅ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ፀሐይ ስትገባ… ምን ዋጋ አለው፣ አዞውን ዓለም ሁሉ አንስቶታል! ከዘጠኝ መቶ ፎቶ የሚሸጥልኝ አንድ ብቻ ነው፤ ምዕራብ ዓባያ የሚኖሩት የአማቼ የጋሽ ጴጥሮስ ሙዝ። አንድ ዘለላ፣ ያውም ያልበሰለ። ሙዝ ብሎ ለሚፈልግ ሁሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለሚወጣ በሳምንት አንድ ገዢ አያጣም። ታደለችም ፍርዷን የሰጠችው በእሱ ላይ ነው፤ ሙዙ ወር ሙሉ ካልተሸጠ ካሜራው ተሽጦ ፍሪጅ ይገዛል።

ታዲያ አንድ እሑድ አማቶቼ ቤት ምሳ ላይ "ተመልካች ቀነሰ" ብዬ ማማረሬ የራሴ ጥፋት ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ከአፋቸው ሊያደርሱት የነበረውን የበቆሎ ኩርኩፋ መልሰው "ሰው አላይልህ አለ?" አሉኝ በሐዘን። እሳቸው አገር የአንድ ሰው እርሻ ወደኋላ ከቀረ ዝም አይባልም፤ ደቦ ይወጣል።

በማግስቱ ደቦው ወጣ። ሙዝ ነጋዴዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን፣ ካምባ ያሉት የአክስት ልጆች፣ ስልክ ያለው ሁሉ ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ የእኔን ሙዝ ከፍቶ ያያል። ስልክ የሌለው በሰው ስልክ ያያል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ! ቁጥሩ ሲመነደግ ቢሮው አላስቀምጥ አለኝ። ታደለችንም ፍሪጁን እርሺው አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ሙዙ ከመጀመሪያው ገጽ ጠፋ። ብፈልገው ብፈልገው… አርባ ምናምነኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ለካ ድረ ገጹ የሚመዝነው ስንት ሰው እንዳየ አይደለም፤ ካዩት ውስጥ ስንቱ እንደገዛ ነው። እናንተም ፎቶ የምትሸጡ ከሆነ ይህቺን ቁጥር ያዙ፣ ሌላው ለጉራ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ አይቶ አንድም ሰው ስላልገዛ፣ ድረ ገጹ ሙዙ አንድ ነገር ቢኖርበት ነው ብሎ ወደኋላ ገፋው።

አሁን ይህ ለአማች እንዴት ይነገራል? "አባባ፣ ረድተው ገደሉኝ" አይባል! ሚኒባስ ይዤ ሄድኩና ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ከዞርኩ በኋላ በገበያ መሰልኩላቸው፤ ሰው ሁሉ ሙዝዎን ከቦ እያየ ሳይገዛ ቢሄድ፣ ኋላ የሚመጣው ምን ይላል? ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ እኔም አፈርኩ።

"ከዛሬ ጀምሮ" አሉ ለቤተሰቡ፣ "የልጃችንን ሙዝ ሳይገዙ ማየት ጎሜ ነው።"

ጎሜ በጋሞ ቀላል ቃል አይደለም፤ የደፈረውን መዘዙ የሚከተለው ነውር ነው። ወሬው ካምባ ድረስ ደረሰ። ታደለች ሳትቀር ስልኬን ሳወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ጀመር። ተመልካች ዜሮ ሆነ። ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ታደለች የፍሪጅ ዋጋ ጠይቃ መጣች፤ እኔም ካሜራዬን ለመጨረሻ ጊዜ ወለወልኩት።

በማግስቱ ስልኬን ስከፍት አንድ ዕይታ፣ አንድ ሽያጭ። መቶ በመቶ! እንዲህ ያለ ቁጥር በሕልሜም አይቼ አላውቅም። ገዢው ጀርመን ነው፣ ጃፓን ነው እያልን ስንገምት ጋሽ ጴጥሮስ ከምዕራብ ዓባያ መጡ። አረፍ እንዳሉ ስልካቸውን አወጡና ሙዙን ከፈቱት። ውጭ አገር ያለችውን የወንድማቸውን ልጅ ለምነው በካርዷ አስገዝተውታል።

"ናፈቀኝ" አሉኝ። "ሳልገዛ እንዳላይ ደግሞ ራሴ ከልክያለሁ።"

"አባባ፣ ሙዙ እኮ ጓሮዎ ነው ያለው" አልኳቸው።

"የጓሮውንማ ሁሉም በነፃ ያየዋል።"

ታደለች ለማየት አንገቷን ሰገግ ብታደርግ፣ አባቷ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፍ አደረጉት።

"አንቺ ገዝተሻል?"